አካባቢን መጠበቅን በየዕለቱ ትምህርት ውስጥ እንዴት እናስገባ? ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ችግኝ የሚተከለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ጊዜ ነው። ልጆቹ መስከረም ላይ ሲመለሱ ተከላው አልቋል፣ ዝናቡም እየቀነሰ ነው፤ ከፊታቸው የሚጠብቃቸው ረጅሙ በጋ ነው። የተተከለው ችግኝ በብዛት የሚደርቀው በዚሁ በጋ፣ ተማሪው በየቀኑ ግቢው ውስጥ እያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ስለ መትከል ብዙ ተብሏል። የመምህሩ ትልቅ ዕድል ግን ከተከላው በኋላ ባሉት ወራት ውስጥ እንዳለ አምናለሁ።

ይህ መመሪያ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ መምህራን የተጻፈ ነው። አዲስ የትምህርት ዓይነት አልጨምርባችሁም፤ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለመጽሐፉ እንኳ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ሐሳቡ ሌላ ነው። ሒሳቡ ያው ሒሳብ ይሁን፣ የሚቆጠረውና የሚለካው ነገር ግን ከግቢው ይምጣ። አማርኛውም ያው አማርኛ ይሁን፣ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን እውነተኛ ተቀባይ ይኑረው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም በሺህ ተማሪ መካከል ሠላሳውን ብቻ ይይዛል። የክፍል ትምህርት ሁሉንም ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ግቢውን ከተማሪዎች ጋር ዙሩ

በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ አንድ የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመደብ። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው ስድስት ስድስት እያደረጋችሁ አሥር ቡድን አውጡ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ብቻ ስጡ። የዝናብ ውሃ ከየት ገብቶ በየት ይወጣል? ቆሻሻ የሚጠራቀመው የት ጥግ ነው? አፈሩ ታጥቦ ሥር የወጣው የት ነው? ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጥላ ያለው የቱ ቦታ ነው? ስንት ዓይነት ዛፍ አለ፣ ስማቸውስ ማን ይባላል? የትኛው ቧንቧ ያንጠባጥባል? አንድ ጥያቄ የያዘ ቡድን አጥርቶ ያያል፤ ሁሉንም ይዞ የሚወጣ ቡድን ግን ሲሮጥ ውሎ ይመለሳል።

ሲመለሱ ያዩትን በአንድ ትልቅ ካርታ ላይ ያስፍሩ። የተፈታ ካርቶን ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይበቃል። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ሥዕል ይሣሉ፤ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ርቀቱን በእርምጃ ለክተው በስኬል፣ ማለትም በተመጣጣኝ አሳንሰው ያስቀምጡ። ካርታው ዓመቱን ሙሉ ከክፍሉ ግድግዳ አይውረድ፤ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ የሚመለሰው ወደ እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ክፍሉን ከሚጋራው መምህር ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሁለቱ ፈረቃዎች አንድ ካርታ ቢጋሩ ሥራውም በግማሽ ይቀንሳል።

የዛፎቹን ስም ልጆቹ ካላወቁ ስሙን እናንተ አትንገሯቸው። ቅጠሉን ደብተር ውስጥ ይዘው ወደ ቤት ይሂዱ፣ አያቶቻቸውን ይጠይቁ። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራዋ፣ ኮሶ፣ ጽድ፣ ዝግባ የሚሉት ስሞች ከነጥቅማቸው ተመልሰው ይመጣሉ፤ ከብት የሚበላው የቱ እንደሆነ፣ ጋን የሚታጠንበት የቱ እንደሆነ፣ ለሞፈር የሚቆረጠው የቱ እንደሆነ ይናገራሉ። ብዙ ግቢ ውስጥ ልጆቹ የሚያውቁት ባሕር ዛፍን ብቻ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። እሱም ከውጭ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሆኑ ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ጥሩ የውይይት መነሻ ነው።

ደረጃ 2፦ መጽሐፉን ከፍታችሁ የሚገጥመውን ፈልጉ

የሴሚስተሩን ዕቅድ ስታዘጋጁ የመማሪያ መጽሐፉን ርዕሶች በአንድ ወገን ጻፉ፣ በሌላው ወገን ካርታው ላይ ያለውን አስቀምጡ። መለካት፣ ክፍልፋይ፣ ግራፍ፣ ቀላል ስፋት፣ የደብዳቤ አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ገላጭ ድርሰት… እነዚህ ያለ ብዙ ድካም ይገጥማሉ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። በግድ ማስገባት አያስፈልግም። የሰዋስው ምሳሌ ላይ «ደን ጠቃሚ ነው» ብሎ መጻፍ ልጁን ስለ ደን ምንም አላስተማረውም። እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ይህ ነው፦ ልጁ ከዚህ ክፍለ ጊዜ ሲወጣ በዓይኑ ያየው፣ የለካው፣ የቆጠረው ወይም የለወጠው ነገር አለ? ከሌለ የዚያን ቀን ትምህርቱን እንደ ወትሮው አስተምራችሁ እለፉ።

ደረጃ 3፦ ውሃን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ሒሳብ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ከሥሩ ኩባያ አስቀምጡ፣ ሲያልቅ አምጥታችሁ ለኩ። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በ40 ደቂቃ 2,400 ጠብታ ይጥላል፤ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚሆን ኩባያው ውስጥ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ታገኛላችሁ። አንድ ሙሉ ቀን ውስጥ ስንት 40 ደቂቃ አለ? 36። ስለዚህ በቀን 4,320 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ4 ሊትር በላይ ይፈስሳል፤ አምስት ቀን ሳይሞላ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። በዓመት ስንት ጀሪካን እንደሚሆን ራሳቸው ያስሉ፣ 79 ገደማ ይመጣላቸዋል። ጀሪካን በጀርባው የተሸከመ ወይም ወረፋ የጠበቀ ልጅ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያብራራለት አያስፈልግም።

ስሌቱ ሲያልቅ ትምህርቱ አላለቀም። ውጤቱን ለርዕሰ መምህሩ በቁጥር አቅርበው ቧንቧው እንዲጠገን ይጠይቁ። ከተጠገነ በኋላ ኩባያውን ሌላ ቀን አስቀምጠው በድጋሚ ይለኩ፤ የዚያ ቀን ዜሮ ልጆቹ የማይረሱት ዜሮ ይሆናል።

ቧንቧ የሌለው ትምህርት ቤት ጣሪያ አለው። የዝናብ መለኪያ ከሃይላንድ መሥራት ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ምረጡ፤ አናቱን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ግጠሙት። የጠርሙሱ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ጨምራችሁ ቀጥ ያለው ጎን የሚጀምርበት ድረስ ሙሉት፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ አስምሩ፣ ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትሩን ምልክት አድርጉ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ፣ እንዳይወድቅ በድንጋይ ደግፋችሁ አስቀምጡት። በየጠዋቱ አንድ ተረኛ ተማሪ አንብቦ ይመዘግባል፣ ትርፉን ውሃ እስከ ዜሮው መሥመር ያፈስሳል፤ የጎደለም እንደሆነ ይሞላል።

አሁን ለ6ኛ ክፍል ስፋትና ይዘትን አምጡ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ 1 ሊትር ነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 7 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ክዳን 56 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 10 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን 560 ሊትር፣ ማለትም 28 ጀሪካን ውሃ ከዚያ ጣሪያ ላይ ወርዷል። የሚረጨውና የሚተነው ይቀነስ፤ ቢሆንም የሚቀረው ብዙ ነው። ወዴት ሄደ ብላችሁ ጠይቁና ወደ ካርታው መልሷቸው። አፈሩ የታጠበው ጥግ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጣሪያ ጠፈጠፍ በታች ነው።

ደረጃ 4፦ አፈርን በዓይን ማሳየት

ከሁሉም ሙከራ አንድ ብቻ የመሥራት ጊዜ ካላችሁ ይህን ሥሩ። ሦስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በጎናቸው አጋድማችሁ የላይኛውን ጎን በመስኮት መልክ ክፈቱ (መቁረጡን መምህሩ ይሥራው)። ሦስቱንም በእኩል አፈር ሙሉ። አንደኛው ባዶ አፈር ይሁን። ሁለተኛው ላይ ደረቅ ቅጠልና ሣር ጎዝጉዙበት። በሦስተኛው ሣር ከነሥሩ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ ሥሩ አፈሩን እንዲይዝ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት እያጠጣችሁ ጠብቁ። ከዚያ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አፋቸውን ዝቅ አድርጋችሁ ደርድሯቸው፤ በእያንዳንዱ አፍ ሥር የቡና ስኒ ሳይሆን ትልቅ ብርጭቆ አስቀምጡ፤ ክዳኑ በሚስማር በተበሳሳ ሃይላንድ እኩል ውሃ ከእኩል ከፍታ አፍስሱ።

ከማፍሰሳችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህን አትዝለሉት፤ የገመተ ልጅ ውጤቱን በጉጉት ያያል። ከባዶው አፈር የሚወርደው ውሃ ቡናማና ወፍራም ይሆናል፣ ከሣሩ የሚወርደው ግን ቀስ ብሎና ጠርቶ ይወርዳል። ብርጭቆዎቹን ሳትነኩ እስከ ማግስቱ አቆዩ፤ ታች የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ ይለኩ።

ያን ዕለት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አምጡ። ግንዱን ከየት አገኘው? ከግንዱ ጋር ሌላ ምን ይዟል? የክረምቱ ዓባይ ለምን ይደፈርሳል? ልጆቹ ወደ ሦስቱ ጠርሙሶች ራሳቸው ይጠቁማሉ። ተራራ ላይ የሚኖሩ ከሆነ የወላጆቻቸውን እርከን ሄደው ይዩ። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር የቆመው በድንጋይ እርከን ላይ መሆኑን ስትነግሯቸው፣ አባታቸው የሚክበው ድንጋይ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሆነ ይገባቸዋል።

ደረጃ 5፦ ቆሻሻን መቁጠርና መለየት

ለአንድ ሳምንት የክፍሉ ቆሻሻ አይጣል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይጠራቀም። ዓርብ ዕለት ውጭ ላይ ዘርግታችሁ ለዩት፤ ወረቀት፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ የፍራፍሬ ልጣጭ። ልጆቹ በእንጨት ወይም እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ይለዩ፣ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ጠርሙስ ስባሪ፣ መርፌ፣ ምላጭና ባትሪ ካለ የሚያነሣው መምህሩ ነው። ቆጥረው በባር ግራፍ ያሳዩት። ግራፉን በወሩ መጨረሻ ደግማችሁ ሥሩ፤ የትኛው ባር አጠረ?

ከዚህ ጋር የመቅበር ሙከራ ጀምሩ። የሙዝ ልጣጭ፣ ወረቀት፣ የጥጥ ጨርቅና ፌስታል ጎን ለጎን፣ በእጅ መዳፍ ያህል ጥልቀት ቅበሩና በላያቸው ስም የተጻፈበት እንጨት ትከሉ። መሬቱ እንዳይደርቅ በየሳምንቱ ውሃ አጠጡት፤ ደረቅ አፈር ውስጥ መበስበስ ይዘገያል። በየወሩ አንድ ጊዜ ቆፍረው ያዩትን ይጻፉ። ሰኔ ላይ ፌስታሉ እንደተቀበረ ይወጣል።

የሚሸጠውን ለቆራሌው አስቀምጡ። ቆራሌው ልጆች ሁሉ ድምፁን የሚያውቁት ሰው ነው፤ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደማይገዛ፣ ዕቃው ከእሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቁት ጥያቄ አዘጋጅተው ቢያነጋግሩት ጥሩ የቃለ መጠይቅ ትምህርት ይወጣዋል። ሥራውም ክብር ያገኛል። ልጣጭና ቅጠል ወደ ኮምፖስት ይግባ፤ የበሰለ ምግብና ሥጋ አይግባበት፣ አይጥ ይጠራል።

ኅዳር 12 በዚህ ርዕስ ላይ የማይገኝ አጋጣሚ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከዚያ ቀን በፊት ባለው ሳምንት ልጆቹ ታሪኩን ከቤተሰብ ጠይቀው ይምጡ። ከዚያ ተወያዩ፦ በዚያን ዘመን ይቃጠል የነበረው ጥራጊ ምን ነበር? ዛሬስ ውስጡ ምን አለ? ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ሳንባን ይጎዳል። ልማዱን ማንቋሸሽ አያስፈልግም፤ ጽዳቱ የአያቶቻችን ጥበብ ነው። ልጆቹ ከቤታቸው ጥራጊ ውስጥ ፌስታሉንና ሃይላንዱን አስቀድመው የመልቀም ኃላፊነት ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 6፦ ቋንቋው ይሥራበት

ለታችኛዎቹ ክፍሎች እንቆቅልሽ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ቡድን ግቢው ውስጥ ስላለ ተክል፣ ነፍሳት ወይም ወፍ እንቆቅልሽ ያዘጋጅ፤ «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ?» እየተባባሉ ይጠያየቁ፤ ያላወቀ አገር ይስጥ። እንቆቅልሽ ለመሥራት ልጁ ነገሩን በደንብ ማየት አለበት፣ ዓላማውም እሱ ነው።

ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ይጨመር። ደብዳቤው ቀን፣ አድራሻ፣ «ጉዳዩ፦» የሚለውን መሥመር ይያዝ፤ በልጆቹ የተለካ ቁጥርም ይኑረው። የመጀመሪያውን ለርዕሰ መምህሩ ይጻፉ፤ አስቀድማችሁ በጽሑፍ እንዲመልሱላቸው ለምኗቸው። መልስ ያገኘ ልጅ ቀጥሎ ለቀበሌው ለመጻፍ አይፈራም። ለ6ኛ ክፍል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው አስተምሩና ደብዳቤያቸው ውስጥ ይጥቀሱት።

ቃለ መጠይቁ ለሽማግሌ ነው፦ «ልጅ በነበሩበት ጊዜ ይህ ቦታ ምን ይመስል ነበር?» ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ግን እንደ አገሩ ነው። ጣና ዙሪያ ያሉ ልጆች ስለ እምቦጭ ይሰማሉ፤ ሐሮማያ ያሉት ሐይቁ ደርቆ ስለነበረበት ጊዜ፤ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ይታጠቡበት ስለነበረ ወንዝ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ዙሪያው እርሻ ሆኖ አገር በቀሉ ደን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ የተረፈበት ብዙ ቦታ አለ፤ ደኑ ለምን እዚያ ተረፈ ብሎ ካህኑን መጠየቅ ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጣል። ጥሩዎቹን ጽሑፎች በሚኒ ሚዲያ አስነብቧቸው።

የማይደረጉ ነገሮች

ቆሻሻ መልቀምና ችግኝ ማጠጣት ቅጣት አይሁን። ያረፈደውን ልጅ «ግቢውን ልቀም» ብሎ መስደድ በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዓመት ሙሉ የደከምንበትን ያፈርሳል፤ አካባቢን መንከባከብ የጥፋተኛ ሥራ ነው የሚል ትምህርት ይሰጣልና። ተራው የሁሉም ይሁን፤ መምህሩም ተረኛ ይሁን።

የልጁን ቤት አታሳፍሩ። እናቱ በከሰል የምታበስል፣ እንጨት ሸጣ የምታሳድገው ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጧል። «ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች መጥፎ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያን ልጅ አንገቱን ያስደፋዋል። ስለ ከሰል ስታስተምሩ ለምን እንደሚነድ፣ ምን እንደሚተካው፣ የተሻሻለ ምድጃ ማገዶ እንዴት እንደሚቆጥብ አስተምሩ።

ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅም ስለ ዓለም ጥፋት አታስፈራሩት። ትንሽ ልጅ ሊያስተካክለው ከሚችለው ነገር ይጀምር፤ የምድር ሙቀት መጨመር ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ይቆይ።

ምዘናን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ተከታታይ ምዘናው ውስጥ ካልገባ ልጆቹም ወላጆችም እንደ ጨዋታ ያዩታል። የዝናብ መዝገቡ፣ ግራፉ፣ ደብዳቤው በየትምህርት ዓይነቱ ነጥብ ይያዝባቸው፤ ስለ ፍቅረ ተፈጥሮ ሳይሆን ስለ ልኬቱ ትክክለኛነትና ስለ አጻጻፉ።

ደረጃ 7፦ ችግኙን ከመስከረም እስከ ሰኔ መከተል

በመስከረም ክረምት ላይ የተተከለውን ቁጠሩ። 40 ተተክሎ 26 ቆሞ ቢገኝ 26/40፣ ሲቀልል 13/20፣ በመቶኛ 65 ነው፤ ክፍልፋይን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ያልጸደቁትን ለምን እንደሆነ መርምሩ። ከብት በልቶት ነው? ውሃ ተኝቶበት ነው? ወይስ ጥቁሩ ፕላስቲክ ሳይቀደድ ከነልባሱ ተቀብሮ ነው? በየጉድጓዱ ዳር የተጣሉትን ፕላስቲኮችም ሰብስባችሁ ቁጠሩ።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ወይም ሁለት ችግኝ ስጡ። የቡድኑ ደብተር ቁመቱን በየወሩ ይይዛል። ከኅዳር ጀምሮ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። የእጅ መታጠቢያ ውሃ፣ ሳሙና ካልበዛበት፣ ለዚህ ይውላል። የፈተና ሳምንትና የገና ዕረፍት ላይ ማን እንደሚያጠጣ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ችግኝ የሚረሳው በእነዚያ ቀናት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በልግ የሚያገኝ አካባቢ ከሆነ የዝናብ መለኪያውን መዝገብ ከችግኙ ቁመት ጋር ጎን ለጎን በአንድ ግራፍ አሳዩ።

ግንቦት 28 የዓለም አካባቢ ቀን ነው። የዓመቱን መዝገብ ለወላጆች የምታሳዩበት ቀን አድርጉት፤ ገለጻውን ልጆቹ ይስጡ። ሰኔ ላይ የሚቀጥለውን ክረምት ጉድጓዶች ቆፍሩና ከችግኝ ጣቢያው አገር በቀል ዝርያ እንዲመደብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቡድን ደብተሮቹን ሰብስባችሁ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ክፍል ለሚይዘው መምህር አስረክቡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በሕይወት ያሉት ችግኞች ብዛት፣ ያሉበት ቦታና የዝርያቸው ስም ይስፈር፤ ክረምቱን አጥሩንና ከብቱን የሚከታተለው ሰው፣ ጥበቃው ወይም በቅርብ የሚኖር ወላጅ ማን እንደሆነም ተስማምታችሁ እዚያው ጻፉ።